ዳኛው ምስክር የሆኑበት ቀን

ጠዋት መምህራን ወደማሠለጥንበት ኮሌጅ ሳመራ ጎረቤቴን፣ ጡረተኛውን ዳኛ፣ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሁልጊዜ ረጋ ብለው የሚራመዱት ሰው ያን ዕለት ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ውሃ ያለበት ጠርሙስ በሁለት እጃቸው ይዘው ይገሰግሳሉ።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ምነው በደህና?»

«የምን ደህና! ይህን ተመልከት!» ብለው ጠርሙሱን አፍንጫዬ ሥር ደቀኑት። ውስጡ ጅራታም ጥቁር ነገር ይዋኛል፤ ገና ያላደገች የእንቁራሪት ልጅ። «መድኃኒቴን ልውጥ ብዬ የመጠጥ ውሃዬ መስሎኝ ሳነሳው ከንፈሬን ነካችኝ! የልጅ ልጄ ናት መስኮት ላይ ያስቀመጠቻት። ‹የቤት ሥራዬ ነው› አለችኝ በሹክሹክታ። የቤት ሥራ እንቁራሪት ሆነ እንዴ?»

ሳቄ አመለጠኝ።

«ሳቅ እንጂ! እኔ ግን ልጅቷን ዛሬውኑ ከዚያ ትምህርት ቤት ላስወጣት ነው። ወደ ድሮ ትምህርት ቤቷ ትመለሳለች።»

ሳቄ ከአፌ ላይ ደረቀ። ልጅቷን አውቃታለሁ። በድሮ ትምህርት ቤቷ ትምህርቱን በቃሏ እንድትወጣ ክፍል ፊት አቁመዋት ቃል ጠፍቷት፣ ልጆቹ ሁሉ ስቀውባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ድምፅዋ አይሰማም፤ ሰፈሩ «ጭምቷ» የሚላት ለዚህ ነው። ነርስ የሆነችው እናቷ ናት፣ ወላጆች ተሰባስበው በራሳቸው ጥረት ወዳቋቋሙት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ያዛወረቻት። ወደ ኮሌጁ መሄዴን ለጊዜው ተውኩና አብሬያቸው ታጠፍኩ።

«ጋሼ፣ እዚህ ከገባች ወዲህ ለውጥ አላዩባትም?»

«አይቻለሁ እንጂ! ልብሷ ጭቃ፣ ጥፍሯ ቀለም፣ ደብተሯ ሥዕል። በእኛ ጊዜ መምህር ሲገባ ትንፋሽ አይሰማም ነበር። ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ በቃሌ የያዝኩት በዚያ ዝምታ ነው።»

«ለእሷስ ዝምታው ምን ፈየደላት?»

ዳኛው እርምጃቸውን አፈጠኑ።

በሩ ላይ ስንደርስ ጫጫታው ተቀበለን። አንድ ቡድን የግቢውን አጥር በገመድ ይለካል። ሌሎቹ ከካርቶን ድልድይ ሠርተው ስንት ድንጋይ እንደሚችል ይሞክራሉ፤ ድልድዩ ሲደረመስ «እንደገና! እንደገና!» እያሉ ይዘላሉ። የእኔም ልብ አብሮ ዘለለ።

«ይህ ገበያ ነው ወይስ ትምህርት ቤት?» አሉ ዳኛው።

የልጅቷ የሦስተኛ ክፍል መምህርት፣ እጅጌዋ ላይ ጠመኔ እንዳለ፣ ወጥታ እጅ ነሳች። «አባቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም፣ ልጄ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ልጅ የሚማረው ከሚያውቅ ሰው ሰምቶ ነው፤ አንቺ ግን ለራሳቸው ለቀሻቸዋል። ታዲያ የአንቺ ሥራ ምንድን ነው?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አባቴ። እኔም አንድ ልጠይቅዎት፤ እንዳይቀየሙኝ። ችሎት ላይ ውሸታም ምስክር ሲቀርብብዎት፣ በምን ነበር የሚያጋልጡት? በቃልዎ በያዙት አንቀጽ ነው?»

ዳኛው ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «በጥያቄ ነዋ! የት ነበርክ፣ ምን አየህ፣ በምን አወቅህ እያልኩ አፋጥጠዋለሁ።»

«ያን መጠየቅ ማን አስተማረዎት?»

«ማንም። ስንቱን ፍርድ ካበላሸሁ በኋላ በራሴ የተማርኩት ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እኔ ደግሞ ከአሁኑ ይልመዱት ነው የምለው። ፊደሉንም፣ ሒሳቡንም አልተውንም። ግን ልጁ ሊያውቀው የጓጓለት ነገር ሲኖር ነው የሚይዘው።»

ዳኛው ሊመልሱ ሲሉ በአጠገባችን ከነበረው የክፍሉ መስኮት ጩኸት ፈነዳ።

«እግር! እግር አወጣች!»

ጭምቷ ናት! ወንበር ገፍታ፣ ጓደኞቿን ጥሳ መጣችና አያቷ በያዙት ጠርሙስ ላይ ተደፋች። እውነትም ከእንቁራሪቷ ጅራት ሥር ሁለት ቀጫጭን እግሮች ብቅ ብለዋል። ክፍሉ በሙሉ ግር ብሎ ወጣ፤ ዳኛውና እኔ በልጆች ተከበብን።

«ብያችሁ አልነበር? ፀሐይ ያገኘችው ትቀድማለች! ክፍላችን ጥላ ውስጥ ያስቀመጥናቸው እኮ ገና ናቸው!» አለች። ከዚያም ወደ አያቷ ዞረች። «አባባ፣ በዓይንዎ ያዩትን ብቻ ይንገሩን። ፀሐይ ስንት ሰዓት ነው መስኮቱ ላይ የሚያርፈው? ውሃው ሲነኩት ይሞቅ ነበር?»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠይቁ የኖሩት ሰው ተጠያቂ ሆነው ቆሙ። «እ... ጠዋት ነው የሚያርፈው። ከንፈሬን ሲነካኝ ለብ ያለ ነበር» አሉ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ጭምቷ አልደነገጠችም፤ እሷም ሳቀች።

አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እጇን አወጣች። «እኔ አልቀበልም! ምናልባት ይህቺ እንቁራሪት ከሌሎቹ ቀድማ የተፈለፈለች ብትሆንስ? በአንድ ብቻ አይታወቅም።»

ዳኛው ጠርሙሱን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው ከዘራቸውን መሬት ላይ ቋ አደረጉ። «ትክክል! ተቃውሞው ተገቢ ነው! በአንድ ምስክር ብቻ ፍርድ አይሰጥም!» ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ፈክቶ ነበር።

«እሺ» አለች የልጅ ልጃቸው፣ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እውነቷን ነው። በአንድ ቀን የተፈለፈሉትን ከሁለት ከፍለን እንሞክር።»

በክርክር ተሸንፎ «እውነቷን ነው» የሚል ስንት አዋቂ አለ? በዚያች ቅጽበት እነዚያ ልጆች ጠየቁ፣ ማስረጃ ፈለጉ፣ የሌላውን ቃል ሰሙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሳሳት እንደማያሳፍር ስላወቁ ለመናገር አልፈሩም። ያን ያወቀ ልጅ ነገ ሐኪምም ይሁን አናጢ፣ «ለምን?» ሳይል የሚሰጡትን ሁሉ አይውጥም።

ዳኛው መምህርቷን ገለል አድርገው አነጋገሯት። «ልጄ፣ ይህችን ልጅ እንደዚህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ላስወጣት ነበር የመጣሁት፤ አጥፍቻለሁ። እኔንም አንድ ቀን ታስገቢኛለሽ? ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ ላስተምራቸው።»

«ደስ ይለናል፣ አባቴ። ግን ይዘጋጁ፤ እነሱም ይጠይቁዎታል።»

«ይጠይቁኛ!»

ከዚያ ወዲያ ዳኛው በሰፈሩ ላገኙት ወላጅ ሁሉ «የልጅህን ክፍል ገብተህ አይተሃል?» ሳይሉ አያልፉም።

ያን ዕለት ማታ ከሥራ ስመለስ አያትና የልጅ ልጅ ከፊቴ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። ልጅቷ አፏ አላርፍ ብሏል። «አባባ፣ ጨረቃ ለምንድን ነው የምትከተለን?»

ሽማግሌው ቆሙ፤ ሰማዩን አዩ። ቀጥሎ ያሉትን ሰው ፊት ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉ ደስ እያላቸው። «አንቺ ምን ይመስልሻል?»