ባሌና የወዶ ዘማቾቹ ጨርቅ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው ስኳር ካገኘ ስኳር ያከማቻል፣ ሳሙና ካገኘ ሳሙና ይደብቃል፤ የኔ ባል አየለ ግን ወታደር ክንዱ ላይ የሚሰፋውን የጨርቅ ምልክት ይሰበስብ ነበር። አዎ፣ ጨርቅ! ምን ያስቃችኋል? ቆዩ፣ ገና ነው።

አየለ እዚሁ ናዝሬት፣ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። ታዲያ ያኔ ሰልባጅ ይመጣል፣ በሰልባጁ ውስጥ የፈረንጅ ወታደር አሮጌ ካፖርት አይጠፋም፣ እና ሰዉ ሊያሳጥር ወደሱ ያመጣዋል። «ይሄን ምልክት ንቀልልኝ፣ መዘዝ ነው» ይሉታል። እሱ በምላጭ ቀስ አድርጎ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ አንሶላ ላይ ይሰፋዋል። አንበሳ ያለበት አለ፣ ንስር ያለበት አለ። አንድ እዚህ የቀረ ሽማግሌ ጣልያን መካኒክ ነበር፣ እሱ አይቶ «አየለ፣ እነዚህ እኮ የመደበኛ ጦር አይደሉም፣ በዚያ በትልቁ ጦርነት ጊዜ በሰው አገር ጠብ ወደው የዘመቱ ሰዎች ናቸው» አለው። በቃ፣ አበደላችሁ! «እስቲ አስቢው» ይለኛል፣ «ሰው እናቱን ትቶ በማያገባው ጦርነት ሲሞት፣ ጨርቁን እንኳ የሚያስቀምጥለት አያስፈልገውም?» እኔ ደግሞ «አንተን የሚያስቀምጥህ እስር ቤት ነው» እለዋለሁ። ሰማኝ? አልሰማኝም። ሻሸመኔ አንድ ሹፌር ጋ አንበሳ ያለበት ምልክት አለ ሲሉት አዲስ ሱሪ ሰፍቶ ሄዶ ለውጦ መጣ።

ታዲያ እኛ ደግሞ ጴንጤ ነን፣ ድሮም በክፉ ዓይን ነው የምንታየው። አንድ ጠዋት ፍተሻ መጣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሽብሩ ከፊት፣ አብዮት ጠባቂዎቹ ከኋላ። መጽሐፍ ፍለጋ ፍራሹን ቢገለብጡ አንሶላው ብቅ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ጓድ ሽብሩ።

«የወዶ ዘማቾች ምልክት ነው፣ ጓድ።»

«የት ነው ያሉት?»

«ሞተዋል፣ ጓድ።»

«ማን ገደላቸው?»

«እኔ እንጃ፣ ጓድ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«አሃ! የጦሩን ልብስ የምትሰፋው አንተ ነሃ!»

እና ከነአንሶላው ይዘውት ሄዱ። አሁን እስቃለሁ እንጂ ያኔ የተወሰደ ሁሉ አይመለስም ነበር። ምግብ ይዤ ቀበሌው በር ላይ እቆማለሁ፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስልኝ ነው «እሰይ፣ አለ ማለት ነው» የምለው።

ታዲያ እግዜር ሲያወጣ መንገዱ አይታወቅም። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር እንግዶች በከተማችን ሊያልፉ ነው ተባለ። ጓድ ሽብሩ አብዮት ጠባቂዎቹን ቢያያቸው አንዱ ካኪ፣ አንዱ ሹራብ፣ አንዱ የሰርግ ኮት። ጨነቀው። ጨነቀውና አንሶላው ትዝ አለው። አየለን አስጠርቶ «ሁሉንም ክንዳቸው ላይ ስፋ፣ ጦር ይምሰሉልኝ፣ ከዚያ ቤትህ ትገባለህ» አለው።

«ጓድ፣ ከነዚህ ውስጥ ለፋሺስት የተዋጉም ይኖሩበታል፣ የቱ የማን እንደሆነ ለይቼ አላውቅም።»

«ጨርቅ ፖለቲካ አያውቅም! ስፋ!»

ትሰማላችሁ? በዚሁ ጨርቅ እኮ ነው ያሰረው!

ቀኑ ደረሰ። አብዮት ጠባቂዎቹ ተሰለፉ፣ እኛም አጨብጭቡ ተብለን አስፋልቱ ዳር ተደረደርን። ከእንግዶቹ አንዱ ሽማግሌ ነው፣ ደረቱ ሜዳሊያ በሜዳሊያ፣ ያነክሳል። እያየ እያየ መጥቶ ቃሲም ፊት ሲደርስ ቀጥ አለ። ቃሲም ከአርሲ የመጣ፣ በር የማያስገባው ግዙፍ አብዮት ጠባቂ ነው። ሽማግሌው ክንዱን ጨመደደው፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ፣ እና በራሱ ቋንቋ ይጮህ ጀመር። አስተርጓሚው ላብ አጠመቀው። «እንግዳው… እግሬን በጥይት የመታኝ ይሄን ምልክት ያደረገ የፋሺስት ወዶ ዘማች ነው ይላሉ።»

«ያ ረቢ!» አለ ቃሲም፣ «እኔ አይደለሁም ጌታዬ! እኔ ከናዝሬት አልፌ አላውቅም!»

ጓድ ሽብሩ አመድ መሰለ። ወዲያው «ምልክቱ የተማረከ ነው! ከፋሺስት የተማረከ ነው!» አለ።

«ማን ማረከው?» ተባለ።

ዞር ዞር ሲል አየለ መርፌና ክሩን ይዞ ከኋላ ቆሟል። «እሱ ነው!»

ሽማግሌው አየለ ላይ ተጠመጠመበት። ሳመው፣ አለቀሰ፣ ከራሱ ደረት አንዱን ሜዳሊያ ፈትቶ ሰካበት። አየለ ውሸት አይሆንለትም፣ «ኧረ እኔ ከካፖርት ላይ ነው የነቀልኩት» አለ። አስተርጓሚው «ከነካፖርቱ ነው የማረክሁት ይላል» ብሎ ተረጎመ፤ ራሱ ነው ኋላ የነገረን። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም እንባዬ እየወረደ አጨበጨብኩ።

እና አየለ ቤቱ ገባ። አንሶላው ግን ባዶውን ገባ። ምልክቶቼን መልሱልኝ ቢላቸው አብዮት ጠባቂዎቹ «ሜዳሊያ ያመጣል» ብለው እምቢ አሉ። ምን ያድርግ? ከተማውን እየዞረ ያያቸው ጀመር። አንዱ የውሃ ቦኖው ጋ ቆሟል፣ አንዱ ኬላው ላይ ነው፤ «ጓድ፣ እስቲ ክንድህን» ብሎ አገላብጦ አይቶ፣ ክሩ ከላላ ሰፍቶለት ይመጣል። ያ የሻሸመኔው አንበሳ ታዲያ ካደረገው አብዮት ጠባቂ ጋር ወደ ሁሩታ ተዛወረ። አየለ ኮቱን ለበሰ፣ ሜዳሊያውን ሰካ፣ በአውቶቡስ ሁሩታ ሄደ። ክንድ ሊጠይቅ! ደርሶ ሰውየው ፊት ቆሞ፣ ክንዱ ላይ ሲያፈጥበት ሰውየው ደነገጠ፣ ሹመት አግኝቶ ከበላይ የተላከ መስሎት ሰላምታ ገጭ አደረገና «ጓድ! ጥበቃው በሙሉ ተገኝቷል፣ ችግር የለም!» ብሎ ጮኸ። የቀሩትም ከየጥላው ሥር እየሮጡ መጥተው ተሰለፉ። አየለ ከነሱ ብሶ ደንግጦ «በርቱ» አላቸውና በመጣበት አውቶቡስ ተመለሰ።

«ምልክቱንስ አገላብጦ ሳያየው?»

ምን ያገላብጣል ልጄ! እሱ እነሱን ፈርቶ፣ እነሱ እሱን ፈርተው! ካ ካ ካ! እንዲያ ነበር ዘመኑ፤ ሁሉም ይፈራል፣ ማን ማንን እንደሚፈራ ግን የሚያውቅ አልነበረም።