ለመስቀል የተለቀለቀው ግድግዳ

ወደ መካኒሳ በምትሄደው ሰይቸንቶ ታክሲ ከኋላ ተጣበን ተቀምጠናል። ከቆላ የመጣ ገበሬ አጠገቡ ላሉት አሮጊት ያወራል።

«ሚስቴን ወባ ጥሏት ሐኪም ቤት አስተኝቻት መምጣቴ ነው፣ እማማ።»

«ቤቱን መድኃኒት አይረጩላችሁም እንዴ፣ ልጄ?»

«ረጭተውልን ነበር። እየተጣደፉ ረጩና ምንም ሳይነግሩን ሄዱ።»

«ታዲያ ቢምቢው አልጠፋም?»

«ጠፍቶ ነበር እኮ! ከመስቀል በኋላ ተመለሰ።»

«በመስቀል ምን አደረጋችሁ?»

«ምን እናደርጋለን? መድኃኒቱ ግድግዳውን ነጭ ነጭ አድርጎት ያስጠላ ነበር። እንደ ወጋችን ነጩ እስኪጠፋ ድረስ በእበት ለቀለቅነው። እንዴት አምሮ ነበር መሰለዎት!»

«ደግ አደረጋችሁ። የማይረባው መድኃኒቱ ነው።»

«እንጃ እማማ፣ ግራ ገብቶኛል።»

የወባ መድኃኒት ረጪ መሆኔን የሚናገረውን መታወቂያ ኪሴ ውስጥ ጨብጬ፣ መካኒሳ እስክንደርስ ቀና አላልኩም።