ለሩቅ ቤት የቅርብ ሰው

ጋሽ ጥሩነህ ሮሆቦትን ያገኛት በአጋጣሚ፣ ትቬይታ የገበያ ማዕከል ደጃፍ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ልጅ ናት፤ የኪራይ ቤቶች በሚያስተዳድር ድርጅት ትሠራለች። ሰላምታው ሳያልቅ ብሶቱን ዘረገፈላት።

ወደ ኖርዌይ ሲመጣ መጀመሪያ በኖረባት የሰሜን ከተማ የሚያከራያት አንዲት ቤት አለችው። ቤቷ ያለችበት ሕንፃ የባለቤቶች ማኅበር ታዲያ ከከተማው ውጭ የሚኖር ባለቤት ሁሉ እዚያው ያለ ወኪል ይሰይም፣ አለዚያ አያከራይም ብሎ ወሰነ።

"ምን በወጣኝ!" አለ ጋሽ ጥሩነህ። "ለገዛ ቤቴ ሞግዚት ልቅጠር? የሆነ ነገር ሲበላሽ ተከራይዋ እታገኘሁ ትደውልልኛለች፤ እኔም ሰው ፈልጌ እልካለሁ።"

"ቧንቧው የፈነዳ ዕለትስ? ራስዎ አይደሉ የነገሩኝ?"

ነግሯታል። ያን ዕለት ሆስፒታል እያጸዳ ነበር፤ ሥራ ሲገባ ስልኩን ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። እታገኘሁ በዚያ ብርድ ልጇን አዝላ ውሃ ስትጠርግ አመሸች።

"እሱ አንድ ቀን ነው" አለ።

"ኔይ፣ አይሆንም ጋሼ! እርስዎ እስኪደርሱላት እሷ ምን ትሁን? ወኪል እኮ ቤትዎን አይነጥቅዎትም። ቁልፍ ይይዛል፣ ውሃው ከየት እንደሚዘጋ ያውቃል፣ ሲጠሩት በእግሩ ይደርሳል። ቤትዎን እርጥበት አይበላውም፤ ከታች ያለው ጎረቤት አያማርርም፤ እርስዎም ሥራዎን በሰላም ይሠራሉ።"

ነገሯ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

"ታዲያ ለእኔ ማን ይደውልልኛል?"

አመለጠው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያ ስልክ የሚጮኸው በእታገኘሁ ብቻ ነበር። በሩ አልዘጋ አለ ስትለው፣ ጎሽ፣ የሚፈልገኝ ሰው አለ ይላል በልቡ። ትሮስተሩድ ያለው መኖሪያ ቤቱ ሲገባ ግን እንዴት ዋልክ የሚለው የለም። ወይ ብቸኝነት! የሰው ቧንቧ እንዲያንጠባጥብ እስከ መመኘት ያደርሳል።

ሮሆቦት ክንዱን ያዝ አደረገችው። "እርስዎስ ምንም ሳይበላሽ ደውለውላት ያውቃሉ?"

አያውቅም።

በሳምንቱ እዚያው ሰፈር የሚኖር አንድ ጡረተኛ ወኪል አድርጎ ሰየመ። ብርዱ ሲጠና ማሞቂያው ተበላሸ፤ ሰውዬው ወዲያው ደርሶ አሠራው፣ እናትና ልጅም ሞቋቸው አደሩ። ጋሽ ጥሩነህ የሰማው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ወኪል ማለት ይኸው ነው። ስልኩ ግን ጭጭ አለ።

እሑድ ከሰዓት ራሱ ደወለ።

"ጋሼ፣ ምነው በደህና? ቤቱን ሊሸጡት ነው እንዴ?" አለች እታገኘሁ ደንግጣ።

"ኧረ የለም! ቤቱ ደህና ነው።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጅሽ እንዴት ነው ልልሽ ነው። ይኸን ሁሉ ጊዜ ስሙን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም።"