ክብ ክቡ ነገር

(አዳማ፣ የአንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ፣ በጥር ወር ሐሙስ ጠዋት። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደበላ ካስማና መዶሻ ይዘው ቆመዋል፤ የላንድስኬፕ፣ ማለትም የአትክልት ስፍራ ዲዛይን ተማሪዋ ጎረቤታቸው ሶስና አንድ ችግኝ በሁለት እጇ ከልላ መሬት ላይ ተቀምጣለች።)

ሶስና፦ ጋሼ፣ ሌንሴ ትሙት፣ ያንን ካስማ ያውርዱት!

ጋሽ ደበላ፦ ለሙሽራ ሞት ይጠራል? ምን ዓይነት አፍ ነው ያለሽ! ተነሺ ልጄ፣ ከዚያች ቅጠል አጠገብ ተነሺ። ድንኳኑ የሚተከለው እዚሁ ነው።

ሶስና፦ ቅጠል አይደለችም፣ የኒም ዛፍ ናት። ክረምት የተከልኳት፣ በእጣቢ ውሃ ያሳደግኳት ኒም። ሰኞ መምህሬ መጥቶ የሚያያት፣ አይቶ የሚያስመርቀኝ!

ጋሽ ደበላ፦ መመረቅሽን ማን ጠላ? እኔ ቅዳሜ ልጄን ልዳር፣ እሁድ መልሰሽ ትከያት።

ሶስና፦ ሶፋ ናት እንዴ፣ ተነስታ የምትመለሰው? በዚህ ፀሐይ ሥሯ አንድ ቀን አይውልም። ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም፣ የተከልኳቸው ሁሉ ሊነቀሉ ነው።

ጋሽ ደበላ፦ ታዲያ ሰርጉን ሰማይ ላይ ልደግሰው?

ሶስና፦ መንገዱ ላይ ይደግሱት። የእነ ጫልቱ ሰርግ መንገዱ ላይ አልነበረም?

ጋሽ ደበላ፦ መንገዱን ለቧንቧ ቆፍረውት አላየሽም? ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ ጉድጓድ ይግባልኝ?

ሶስና፦ አዳራሽ አለ።

ጋሽ ደበላ፦ አዳራሽ! እኔ ደበላ? የዚህን ሰፈር ልጅ ሁሉ ድንኳን ተክዬ ድሬ፣ የራሴን ልጅ የሰው አዳራሽ ወስጄ ልዳር? ደግሞ ሌንሴ ከእናቴ ደጅ ካልሆነ አልዳርም ብላለች። ውባለምን ታውቂያታለሽ፣ እግሯ በጀሶ ታስሮ ከአልጋ አትወርድም።

ሶስና፦ ይህን ሁሉ ያኔ ለምን አልነገሩኝም? የዚህን አትክልት ሥዕል በእድሩ ስብሰባ ላይ ዘርግቼ አላሳየሁም? እርስዎ አይደሉም ቀድመው ያጨበጨቡት?

ጋሽ ደበላ፦ አጨብጭቤያለሁ።

ሶስና፦ ፈርመዋል!

ጋሽ ደበላ፦ ፈርሜያለሁ። ማኅተምም መትቻለሁ።

ሶስና፦ ታዲያ?

ጋሽ ደበላ፦ ታዲያማ... ተይው አሁን።

ሶስና፦ አልተውም።

ጋሽ ደበላ፦ ሥዕሉ ላይ ክብ ክብ ነገር ነበረ አይደል?

ሶስና፦ ዛፎቹ ናቸዋ!

ጋሽ ደበላ፦ እኔ በምን ልወቅ? ዛፍ ግንድ አለው፣ ቅርንጫፍ አለው። ክብ ዛፍ የት አይተሻል?

ሶስና፦ ከላይ ሲታይ ነው ጋሼ። እኛ የምንሥለው ከላይ ነው።

ጋሽ ደበላ፦ እኔ አሞራ ነኝ፣ ከላይ የማየው?

ሶስና፦ ምን መስሎዎት ነው ታዲያ የፈረሙት?

ጋሽ ደበላ፦ ጠረጴዛ።

ሶስና፦ ምን?

ጋሽ ደበላ፦ የሰርግ ጠረጴዛ! በዚያው ሰሞን ነው ለሌንሴ ሽማግሌ የተላከው። አንቺ ደግሞ አብሮ አደጓ ነሽ። ይቺ ልጅ የእንግዳውን አቀማመጥ ነድፋልኝ መጣች፣ ትባረክ አልኩ። መሐሉን ባዶ ትተሽው የለ? መጨፈሪያው ነው አልኩ!

ሶስና፦ ሣር ነው! መሐሉ ሣር ነው!

ጋሽ ደበላ፦ አትሳቂ።

ሶስና፦ አልሳቅኩም።

ጋሽ ደበላ፦ ጥርስሽን እያየሁት? እንዲያውም በሆዴ ቅር ብሎኝ ነበር። ለሙሽሮቹ ከፍ ያለ ቦታ አላደረገችላቸውም ብዬ።

ሶስና፦ ወይኔ ጋሼ! እሺ ሥዕሉ ይቅር፣ ክረምቱን ሙሉ ከጭቃ ጋር ስታገል አላዩኝም?

ጋሽ ደበላ፦ አየሁሽ። ለድምቀት ነው፣ ሲያልቅ ይነሳል ብዬ ነዋ። አዳራሽ ውስጥስ አበባ በባልዲ ይደረደር የለ?

ሶስና፦ እኔም ጥፋቴ ነው መሰለኝ። እዚህ ግቢ ተወልጄ፣ ስንት ድንኳን ሥር ስሯሯጥ አድጌ፣ ስለካ ድንኳኑን ረሳሁት። ንፋሱን ለካሁ፣ ፀሐዩን ለካሁ፣ ሰው የሚመላለስበትን ለካሁ። ድንኳን በለካሁባቸው ቀኖች አልነበረማ።

ጋሽ ደበላ፦ አየሽ! አምስት ዓመት ተምረሽ ድንኳን ይረሳል? በይ ተነሺ አሁን፣ ልጆቹ ሸራውን ሊያመጡ ሄደዋል።

ሶስና፦ ቆይ፣ ካስማው የት የት እንደሚመታ ያሳዩኝ። የሚተርፍ ካለ ልለይ።

ጋሽ ደበላ፦ አንዱ አንቺ የተቀመጥሽበት። አንዱ እዚያ፣ የጥብስ ቅጠሉ ጋ። ጀርባው ደግሞ በዚህ በግድግዳው በኩል።

ሶስና፦ በእትዬ ውባለም መስኮት በኩል?

ጋሽ ደበላ፦ በመስኮቱ ፊት ያልፋል፣ አዎ።

ሶስና፦ ሸራው ይጋርዳቸዋላ።

ጋሽ ደበላ፦ ለሁለት ቀን ነው።

ሶስና፦ ሰርጉን ታዲያ በየት ያዩታል?

ጋሽ ደበላ፦ ትሰማለች።

ሶስና፦ ትሰማለች?

ጋሽ ደበላ፦ ዘፈኑ ይሰማል። እልልታው ይሰማል።

ሶስና፦ የአንድ ልጃቸውን ሰርግ በጆሮ?

ጋሽ ደበላ፦ አትነዝንዢኝ! እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለሽ? በዚህ ነገር እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። እሷን ብጠይቃት "ግድ የለም ደበላ" አለችኝ። ግድ የለም ስትል ደግሞ አውቃታለሁ።

ሶስና፦ ይቺን ኒም ማን እንዳሳደጋት ያውቃሉ? እሳቸው ናቸው። እግራቸው ሳይሰበር እጣቢውን ራሳቸው ያወጡልኝ ነበር፤ ከተሰበሩ ወዲህ ሌንሴን ይልካሉ። አንድ ቀን ቀርቶባቸው አያውቅም።

ጋሽ ደበላ፦ ለካ! እኔ እኮ ምን ነካቸው እያልኩ ነው፣ ያላቆሸሽኩት ሸሚዝ ሁሉ የሚታጠበው!

ሶስና፦ ለዚህ ነዋ ቡገንቪሊያውን ከመስኮታቸው ፊት የተከልኩት። ቤት ሆነው እንዲያዩት።

ጋሽ ደበላ፦ ታየዋለች። ከአልጋ ሆና መቁጠሩ ስለማይሆንላት ግን ጠዋት ጠዋት ዛሬ ስንት አበባ አወጣ ብላ ትጠይቀኛለች። እኔ ምን አውቄ፣ ያፌን ነው የምነግራት።

ሶስና፦ ጋሼ።

ጋሽ ደበላ፦ አቤት።

ሶስና፦ እርስዎ ያሉት ትክክል ቢሆንስ?

ጋሽ ደበላ፦ የቱ?

ሶስና፦ ክቦቹ ጠረጴዛ ይሁኑ።

ጋሽ ደበላ፦ ታሾፊብኛለሽ ደግሞ።

ሶስና፦ እውነቴን ነው! በየችግኙ ዙሪያ ወንበር እንደርድር። ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጥ፣ ችግኙ መሐላቸው ይሆናል፣ የሚረግጠው አይኖርም። መጨፈሪያው እርስዎ እንዳሉት ሣሩ ላይ። ሙሽሮቹ ቡገንቪሊያው ሥር፣ ከመስኮቱ ፊት ይቀመጡ። እትዬ ውባለም እጃቸውን ቢዘረጉ የሌንሴን ቬሎ ይነኩታል።

ጋሽ ደበላ፦ ሣርሽን ድራሹን ነው የሚያጠፉት።

ሶስና፦ ሣር ውሃ ካገኘ ይነሳል። የእርስዎ ሸሚዝ አለ አይደል?

ጋሽ ደበላ፦ ሰኞስ መምህርሽ የተረገጠ ሣር አይቶ ምን ሊል ነው?

ሶስና፦ ቅዳሜ ይምጣዋ! "ሰው ካልተቀመጠበት ገና ሥዕል ነው" እያለ ነው ያስተማረን። እንግዲህ ሰው ተቀምጦበት ይየው።

ጋሽ ደበላ፦ ኧረ ይቺ! በእኔ ቁርጥ ልትመረቂ ነው?

ሶስና፦ ጮማ ጮማውን ቢያደርጉለት አልቃወምም።

ጋሽ ደበላ፦ ቆይ፣ ቆይ። ፀሐዩስ? አዳማ መሆናችንን ረሳሽ?

ሶስና፦ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሕንፃው ጥላ ግቢውን ይሸፍነዋል። ለክቼዋለሁ። ሙሽራው ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?

ጋሽ ደበላ፦ ስምንት። ዘጠኝ ተኩል ይመጣል ማለት ነው።

ሶስና፦ እንግዲያውስ።

ጋሽ ደበላ፦ ድንኳኑስ? ደበላ ልጁን ያለ ድንኳን ዳረ ሲሉኝ የት ልገባ ነው? ድንኳኑን ያሰፋሁት እኔ፣ ሲቀደድ ያስጠገንኩት እኔ!

ሶስና፦ ይተከላል። ከሕንፃው ኋላ፣ ለወጥ ሠሪዎቹ።

ጋሽ ደበላ፦ ለወጥ ሠሪ? እዚያ ለእንግዳው አይበቃም ብለን የተውነው ቦታ ላይ?

ሶስና፦ ለድስቱ ይበቃል። እነሱ ናቸው ከጠዋት ጀምሮ እሳትና ፀሐይ ላይ የሚውሉት። ደግሞ እነ እማማ በለጡ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከሠሩ የወጡን ነገር ያስቡት።

ጋሽ ደበላ፦ በለጡ ባለፈው ፀሐይ መታኝ ብላ ጨው ሁለት ጊዜ ጨምራለች።

ሶስና፦ ይኸው!

ጋሽ ደበላ፦ ዝም በይ እስቲ፣ ላስብበት።

ሶስና፦ ዝም ብያለሁ።

ጋሽ ደበላ፦ ሰው ምን ይላል...

ሶስና፦ ጋሼ፣ እትዬ ውባለም እያዩን ነው።

ጋሽ ደበላ፦ የታለች? ውይ፣ መስኮቱ ክፍት ነው እንዴ! ሁሉን ሰምታለች በይኛ። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ፣ ምንድን ነው እጇን እንዲህ የምታደርገው?

ሶስና፦ ክብ እየሠሩ ነው።

ጋሽ ደበላ፦ ክብ?

ሶስና፦ በጣታቸው። አንድ ክብ፣ ደግሞ ሌላ ክብ። እየሳቁ ነው። እንባቸውንም ይጠርጋሉ መሰለኝ።

ጋሽ ደበላ፦ ግድ የለም ብላኝ እኮ ነበር... ያዢልኝ እስቲ ይቺን መዶሻ። ልጆች! እናንተ ሸራ የያዛችሁ! ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ በኩል አዙሩት! ኧረ እግራችሁን እያያችሁ፣ ጠረጴዛዬን ረገጣችሁት እኮ!