በሙሉ ድምፅ እንጨት የተባለው ድንጋይ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ድንጋይን ድንጋይ ነው ማለትም ያስፈራ ነበር። ትስቃላችሁ? ሳቁ፣ ሳቁ፤ ያን ጊዜ ግን የሳቀ የለም።

ባለቤቴን ታከለን አልደረሳችሁበትም። እዚሁ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር፣ ጥሩ ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና አንድ ዐመል ግን ነበረበት፤ ድንጋይ ይለቅማል። የሰው ባል እሁድ እሁድ ጠላ ቤት ይሄዳል፣ የእኔው ገደል ለገደል። ታዲያ ቤቴን በድንጋይ ሞላው፣ አልጋው ሥር ድንጋይ፣ ጋኑ ሥር ድንጋይ፣ እና ያገኘውን ሁሉ ይልሰዋል፣ በቢላ ይፍቀዋል፣ ጥንካሬውን ልይ ብሎ የመስተዋቴን ጠርዝ ጫርጫር አድርጎ ጨረሰው። "መስተዋቴ ምን አደረገህ?" ስለው "መስተዋት ከጫረ ጠንካራ ድንጋይ ነው" ይለኛል። እኔ ደግሞ ጠንካራ መስተዋት ነበር የምፈልገው።

አንድ ጊዜ ታዲያ ወፍጮ ሊጠግን ከሐይቁ ማዶ ወደ ደልጊ ተላከ። እዚያ ወንዝ ዳር የግንድ ጉማጅ የሚመስል ነገር አገኘ። ግንድ ነው ብትሉ ግንድ ነው፤ ቅርፊቱ አለ፣ የዕድሜው ቀለበት አለ፣ የቅርንጫፉ ጉጥ ሳይቀር አለ። ብትነኩት ግን ይቀዘቅዛል፣ ብታነሡት ወገብ ይቀጫል፣ ቢላ አይበሳውም። ድሮ ድሮ ዛፍ ነበረ፣ ወደቀ፣ አፈር ዋጠው፣ ውሃ ውስጥ ለውስጥ እየገባ ቀስ በቀስ ድንጋይ አደረገው፤ ታከለ እንዲያ ነው ያስረዳኝ። እና ያንን ጉድ በጀልባ ጭኖ ይዞልኝ መጣ።

ወደቡ ላይ ዘበኛ ቆሟል፣ ያን ጊዜ ያለ ፈቃድ እንጨት ማስገባት ክልክል ነው።

"ፈቃድህን" አለው።

"የምን ፈቃድ? ድንጋይ እኮ ነው።"

"ቀለበቱ እየታየኝ? ቅርፊቱ እየታየኝ?"

"ድሮ እንጨት ነበረ፣ አሁን ድንጋይ ሆኗል።"

"ማን ቆረጠው?"

"ማንም። ራሱ ወድቆ ነው፣ ከስንት ሺህ ዘመን በፊት።"

"በንጉሡ ጊዜ ማለት ነው?"

"ከንጉሡም በፊት።"

"የባሰ መጣ። የፊውዳል እንጨት ነዋ።"

ድንጋዩን ተሸክሞ፣ ታከለን እየነዳ ቀበሌ ወሰደው። ሊቀመንበሩም ስብሰባ ጠራና ተነሥቶ፣ ሱሪውን ሳብ አድርጎ፣ "ጓዶች፣ ይህ ነገር እንጨት ከሆነ ደን ማውደም ነው፣ ጥፋተኛው ችግኝ ይተክላል። ድንጋይ ከሆነ ግን ማዕድን ነው፣ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው፣ ሰውየው ወደ በላይ አካል ይተላለፋል" አለ።

ልብ በሉ እንግዲህ። ወደ በላይ አካል የተላለፈ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አላየንም። ጎረቤቴ ላቀች ልጇ ተላልፎባት፣ አንድ ቀን ስንቅ ይዛ ብትሄድ "ከእንግዲህ አታምጪ" ብለው መልሰዋታል። እዚያው ስብሰባ ላይ ተቀምጣለች።

"ሕዝቡ ይመርምረው" ተባለ። ታዲያ መጀመሪያ መሪጌታ ተነሡ፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱ፣ አሸተቱና "ወይራ ነው፤ ሽታው እንኳ አልለቀቀውም" አሉ። ሌላው "የለም መሪጌታ፣ ዋንዛ ነው" አለ። ከወደብ ተሸክሞት የመጣው ዘበኛ ደግሞ ወገቡን እንደያዘ "ቀላል ነው፣ ብሳና ይሆናል" አይል መሰላችሁ። ላቀች ተነሣች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች "ጥድ ነው፤ ሐሙሲት ገበያ ስንት ጊዜ ገዝቼዋለሁ" አለች። አልረሳላትም።

ታከለ ሆዬ ብድግ አለ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ በሳይንስ ሲታይ..."

ኮቱን ጎተትሁት። "ተቀመጥ" አልሁት።

"እውነቱን ልናገር እንጂ።"

"እውነቱን ቤት ትነግረኛለህ። ልጆችህን ማን ያሳድግልኛል?" አልሁት።

አየኝ፣ ድንጋዩን አየ፣ ተቀመጠ። "እንጨት ነው የምትሉ" ሲባል ያ ሁሉ እጅ ወጣ፣ የታከለም ወጣ፣ እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ። በሙሉ ድምፅ እንጨት ሆነ፣ ተጨበጨበ።

እንጨት ነውና ተወርሶ ለቀበሌው ክበብ ወጥ ቤት ተሰጠ። ወጥ ሠሪዋ መጥረቢያዋን ሰብራ መጣች። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ እንጨት አልፈለጥ አለኝ።"

"ሕዝቡ እንጨት ነው ብሏል፤ ሂጂና ፍለጪ።"

ታከለ ዘንዘልማ ሄዶ ችግኙን ተከለ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ሰው ድንጋይ አምጥቶ "ይህ ምንድን ነው?" ሲለው "ስብሰባ ይጠራና እናያለን" ይል ነበር።

(ከአድማጮቹ አንዷ፦ "ሊቀመንበሩስ እማማ፣ የእውነት እንጨት መስሎት ነበር?")

ምን ይመስለዋል ልጄ። ድንጋዩ እግሩ ላይ ወድቆበት እያነከሰ አይደል የሰበሰበን። ግን "ማዕድን በቀበሌህ ሲያልፍ የት ነበርህ?" ቢሉትስ የበላዮቹ? ከሁላችን ቀድሞ እጁን ያወጣው እሱ ነበር። ከላይ እስከ ታች ፈሪ በፈሪ ላይ ተደራርቦ ነው ሲገዛን የኖረ።