የጠፋችው የመርፌ ስባሪ

ኮቴን የምወስደው ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ግን ዶፍ ያዘኝና ከልብስ ሰፊያችን ደጅ ተጠለልኩ። ሽማግሌው «ከመጣህ አይቀር ለካው» ብለው ጎትተው አስገቡኝና፣ እጅጌው ገና በስፒል የተያዘውን ኮት አለበሱኝ።

ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ «ቀጥ በል» ይላቸዋል። ልክ ሲወስዱ ደንበኛው ዳኛም ይሁን ሐኪም «ቀጥ በል» ይሉታል። ልጅ ሲያሳድጉም ቃላቸው ይኸው ነው፤ ለልጅ ሲሆን የእንጨት ማስመሪያው ይጨመርበታል እንጂ።

የዚያን ቀን ፊታቸው ጠቁሯል። ሰኞ ጠዋት የስፌት መኪናቸውን መርፌ ተሰብሮ አገኙት፤ ግማሹ የለም። በእሳቸው ቤት መርፌ ከተሰበረ ስባሪው እስኪገኝ ድረስ ማንም ከመቀመጫው አይነሳም። የደንበኛ ገበር ውስጥ ቀርቶ ገላ ቢወጋ የዕድሜ ልክ ስማቸው ይጠፋላ። ወለሉን በማግኔት ቢጠርጉ፣ ቢጠርጉ አጡት። በመጨረሻ ቁልፍ የምትተክልላቸውን ሴትዮ ጠረጠሩ። «ካንቺ በቀር መኪናዬን ማን ይነካል?» አሏት። እሷም መቀሷን በፌስታል ጠቅልላ ሄደች።

«አፏን ሞልታ እንኳ አልካደችም። እሷ ናት» አሉኝ፣ ስፒል በከንፈራቸው እንደነከሱ።

ይህን እያወራን የልጅ ልጃቸው አስተማሪ ከነጃንጥላዋ ገባች። ልጅቷን በእጇ ይዛታለች። ልጅቷ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ እናቷ ሩቅ ከተማ ስለምትሠራ የምታድገው በአያቷ እጅ ነው። ግራ እግሯን በጣቶቿ ብቻ እየረገጠች ነበር።

«እንደምን ዋሉ አባቴ?» አለች አስተማሪዋ።

«እግዜር ይመስገን። ምን አጠፋች?»

«ኧረ ምንም አላጠፋችም።»

«አስተማሪ ያለ ጥፋት ሰው ቤት አይመጣም።»

«ታነክሳለች። ብጠይቃት ጫማ ጠበበኝ አለችኝ፤ አውልቂው ብላት እምቢ አለች።» ይህን ስትል ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ማስመሪያ ሄደ።

ሽማግሌው ዓይኗን ሲከተሉ ነገሩ ገባቸው። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ። «ገባኝ። ሰልለሽ ልትከሺኝ ነው አመጣጥሽ። እንግዲያው ስሚኝ፤ በዚህ ወር እጄ አላረፈባትም።»

እኔ አላመንኳቸውም። አስተማሪዋንም አላመንኳት። የዛሬ ወጣት አንድ ስብሰባ በተካፈለ ቁጥር የሰው ጓዳ ማገላበጥ ያምረዋል ብዬ በሆዴ አማኋት። ልውጣ እንዳልል በስፒል ተወጣጥሬያለሁ፤ ቆሜ ማዳመጥ ግድ ሆነብኝ።

«ልከስዎ አልመጣሁም» አለች በትሕትና። «ከጠየቁኝ ግን ዱላ ልጅን አያቀናም እላለሁ።»

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ሲባል አልሰማሽም? እኔ ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት። እናቷም በዚሁ እጅ ተገርፋ ነው ለወግ ለማዕረግ የበቃችው።»

«እናቷ ታዲያ የልቧን ታጫውትዎታለች?»

ሽማግሌው ልጃቸው ከባሏ መለያየቷን የሰሙት ከጎረቤት ነው፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አስተማሪዋ ማወቋን እንጃ፤ ጥያቄው ግን ቁስል ነካ።

«ምን ለማለት ነው?» አሉ ሽማግሌው በተቀየረ ድምፅ።

«የሚመታ ልጅ የሚማረው መታረምን ሳይሆን መደበቅን ነው ለማለት ነው። ዱላው ጥፋቱን አያጠፋውም፤ ከእርስዎ ዓይን ያርቀዋል እንጂ።»

«ታዲያ ልልቀቃት? ስድ ትሁን?»

«ስድ አይልቀቋት። ይቆጧት። ያበላሸችውን ራሷ እንድታስተካክል ያድርጉ፤ ጨዋታም ይከልክሏት። እውነቱን ብትናገር እንደማትመታ ግን ትወቅ።»

«እኔም አውቃለሁ፤ የሰው ልጅ ሲሆን መምከር ቀላል ነው። አንቺ ወልደሻል?»

«አልወለድኩም።»

«ስትወልጂ እንገናኛለን።»

እዚህ ላይ ሳቄ አመለጠኝና አንዱ ስፒል ብብቴን ወጋኝ። ሽማግሌው የረቱ መስሏቸው ደረታቸውን ነፉ። «ይኸው እሷን ጠይቂያት፤ እኔን ዋሽታኝ አታውቅም። በትር ያለበት ቤት ውሸት የለም» አሉና የኮቴን ርዝመት ሊለኩ ማስመሪያውን አነሱ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ልጅቷ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። «እኔ ነኝ አባባ። እኔ ነኝ የሰበርኩት። እሷ አይደለችም።»

ስለ መርፌ ማንም አልጠየቃትም ነበር። የሽማግሌው እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። «ስባሪውስ?» አሉ፤ ከሁሉ በፊት የሙያቸው ጥያቄ ቀደማቸው። ልጅቷ ግራ እግሯን ከቀኙ ኋላ ደበቀች።

አስተማሪዋ ተንበርክካ ጫማውን አወለቀች። ተረከዟ አብጦ ጠቁሯል፤ ቅላቱ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ወጥቷል። ግንባሯን ብነካው ይፋጃል።

«ለአሻንጉሊቴ ቀሚስ ስሰፋ ተሰበረ» አለች እያለቀሰች። «ስባሪውን ስፈልግ ረገጥኩት። ብነግርዎ ይመቱኛል ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አልነካኋትም እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ያላረፈባት እጅ ነው ይህን ሁሉ ያደረገው። ተጠራጥሬያቸው ስለነበር አፈርኩ፤ ለካ ጥርጣሬዬም ልክ አልነበረም፣ እሳቸውም ንጹሕ አልነበሩም።

ልጅቷን አዝለው በዝናብ ሮጡ። አስተማሪዋ ጃንጥላውን ይዛላቸው፣ እኔም ባለ ስፒል ኮቴን እንደለበስኩ ተከተልናቸው። ጤና ጣቢያ ሐኪሙ ተረከዙን ከፍቶ ስባሪውን አወጣው። ሽማግሌው ሐኪሙንም ሊያምኑት አልቻሉም፤ ሌላኛውን ግማሽ ከኪሳቸው አውጥተው ገጣጥመው ሙሉ መሆኑን ካዩ በኋላ ነው የተቀመጡት።

«እንዲህ እስኪሆን የት ነበራችሁ? ትንሽ ቢቆይ አጥንቷ ውስጥ ይገባ ነበር፤ እግሯን ልታጣ ትችል ነበር» አለ ሐኪሙ ተቆጥቶ።

አስተማሪዋ መልስ ልትሰጥ ስትል ሽማግሌው ቀደሟት። «ፈርታኝ ነው» አሉ። «አያቷ ነኝ፤ እኔን ፈርታ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ልጁን የሚመታ ሰውም የቤቱን ወሬ ከሁሉ በኋላ የሚሰማ ባዳ ይሆናል። የልጁ ሕመም፣ ስጋቱ፣ መንገድ ላይ ማን እንዳስፈራራው፣ ሁሉም ከእሱ ይደበቃል። ጸጥታውን አክብሮት ይለዋል፤ ጸጥታው ግን ፍርሃት ነው። ዱላውን የተወ ወላጅ የሚያተርፈው ከሁሉ በፊት ወሬ ነው፤ በጊዜው የደረሰ ወሬ ደግሞ ስንት ጉዳት ያስቀራል።

ሽማግሌው በማግስቱ ቁልፍ ተካይዋ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ሴትዮዋ ቶሎ አላመነቻቸውም፤ ሥራዋ ላይ የተመለሰችው አስለምና ነው።

ከርሞ ሱሪ ላሳጥር ብሄድ ሽማግሌው ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር ሲከራከሩ ደረስኩ። ጎረቤቱ «ካልመታሃት ትባልጋለች» ይላቸዋል።

«ትናንት ወተቷን አሙቃ ወጣች» አሉት ሽማግሌው። «ትምህርት ቤቱ በር ስትደርስ ትዝ ብሏት እየሮጠች ተመለሰች። ‹አባባ ይነሱ፣ የጋዝ ምድጃውን ሳልዘጋው ሄጃለሁ› አለችኝ። እሳቱ ጠፍቶ ቤቱ በጋዝ ሽታ ታፍኗል።»

«አልመታሃትም?»

«ተቆጣኋት። መስኮቱን ሁሉ እሷው ከፈተች። ከዚያ አርፍዳለችና ትምህርት ቤት አደረስኳት።»

ጎረቤቱ ሳቀ። «እንዲህማ ከሆነ ነገም ትረሳዋለች።»

«ትርሳው፤ ተመልሳ ትንገረኝ እንጂ» አሉ ሽማግሌው። «ድሮ ቢሆን ዱላውን ፈርታ፣ ሳትመለስ ክፍሏ ትገባ ነበር። እኔ እኮ ጓዳ ተኝቼ ነበር።»