በማስጠንቀቂያው ላይ ያለው አሻራ

የፈትል ክፍሉ አለቃ ግርማ በደርግ ጊዜ ከፋብሪካ ሲያባርረኝ «ሦስት ማስጠንቀቂያ ሰጥቻታለሁ» አለ፤ አንዱንም አላየሁም። በወሩ ወደ አገሬ ወደ ሰቆጣ ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ላሉት ሽማግሌ ስታወራ ስሙን ሰማሁ።

«ግርማ አባረረኝ፤ ከሰስኩት።»

«አለቃሽን? አንቺስ ጉድ ነሽ ልጄ!»

«ሦስት ማስጠንቀቂያ ሰጥቻታለሁ አለ። ወረቀቶቹ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ።»

«ያንቺ ነዋ?»

«እኔ መሠረተ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ በጣት ፈርሜ አላውቅም፣ አባባ።»

«ዳኛው ምን አሉ?»

«ፈርሚ አሉኝ፤ ፈረምኩ። ግርማን ‹ታዲያ ይህ የማን ጣት ነው?› ሲሉት እጁን ኪሱ ከተተ።»

«ወይ ጣጣ! ከዚያስ?»

«ወደ ሥራሽ ተመለሺ ተባልኩ። ለእናቴ ነግሬ ሰኞ እገባለሁ።»

ሰቆጣ አደርኩና በማግስቱ እኔም ልከሰው በመጣሁበት አውቶቡስ ተመለስኩ።